ለግራ ትከሻ የተሠራ ሰደፍ

የተልባ ዘይት እሳት ዳር ሞቅ ሲል የሚሰጠው ሽታ አለ። ከምግብ ሽታም ይጠጋል፣ ከእንጨት ሽታም ይጠጋል። ያ ሽታ ባጋጠመኝ ቁጥር ጎንደር ከተማ ቁስቋም ሥር፣ ከእቴጌዋ ፍርስራሽ ግንብ ዝቅ ብላ የነበረችው ቤታችን ትመጣብኛለች። ሰጋቱራ የለበሰው የአባቴ መሥሪያ ክፍል፣ በበሩ ስንጥቅ የሚገባው የጥር ፀሐይ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የሰደፍ ልኮች፣ ሁሉም በየቦታቸው ይታዩኛል። ከነዚህ ጋር ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው አብሮ ይመጣል። ደጃችን ላይ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ የተቀመጠ፣ ኮቴ በሰማ ቁጥር አንገቱን ሙሉ በሙሉ አዙሮ የሚገላመጥ ሰው።

ልጅ ሳለሁ እንደዚያ ሰው የፈራሁት የለም። የፈራሁትም እኔ ብቻ አልነበርሁም።

አባቴ አናጢ ነበር። ሰፈሩ አያ ውብነህ ይለዋል። አልጋና ሳንዱቅ፣ የቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት ይሠራል፤ ስሙን ያስጠራው ግን የጠመንጃ ሰደፍ ነው። ጣሊያን ከወጣ ገና ብዙም ስላልቆየ በዚያ ዘመን ነፍጥ የሌለበት ቤት ጥቂት ነበር። ብረቱ ዘመን ቢሻገርም እንጨቱን ዝናብ ይበላዋል፣ ምስጥ ይገባበታል፣ ገደል ላይ ይሰበራል። ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከጭልጋ ድረስ ሰዎች ነፍጣቸውን በጋቢ ጠቅልለው «አያ ውብነህ አለ?» እያሉ ይመጡ ነበር።

ሰደፍ የሚሠራው እንደ ልብስ ሰፊ ለክቶ ነው። ባለቤቱን ያቆመውና ከክርኑ መታጠፊያ እስከ ሌባ ጣቱ ጫፍ በክር ይለካዋል። አንገቱ ረዥም ይሁን አጭር፣ ጉንጩ ሥጋ ይኑረው አይኑረው፣ ትከሻው የወረደ ይሁን የቆመ፣ ሁሉንም ያያል። ከዚያ ከቆጡ ላይ ጭስ ሲጠጣ የከረመ የዋንዛ ጣውላ ያወርድና ልኩን በከሰል ነድፎ በመጋዝ ይቆርጠዋል። ብረቱ የሚገባበትን ጎድጓዳ የሚቦረቡረው በመሮ ነው። በብረቱና በእንጨቱ መካከል ክር የሚያሾልክ ክፍተት እንኳ እንዲኖር ስለማይፈልግ፣ ብረቱን የድስት ጥላሸት ቀብቶ ጎድጓዳው ላይ ይጫነዋል። ሲያነሳው እንጨቱ ብረቱን የነካበት ቦታ ብቻ ጠቁሮ ይታያል፤ እሱን በመሮው ጫፍ ይልጠዋል። ደግሞ ይቀባል፣ ደግሞ ይጫናል፣ ደግሞ ይልጣል። ጥላሸት መቀባቱ የእኔ ሥራ ነበር። እጄ እስከ ክርኔ ጠቁሮ ፊደል ልቆጥር ስሄድ፣ መምህሬም የእናቴ አጎትም የነበሩት መምሬ ጥበቡ «አንች ልጅ፣ ቀለሙን ጠጥተሽው ነው ወይስ ታጥበሽበት?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

እናቴ አንድ ወንድም ነበራት፤ ፈንታሁን ይባላል። እኔ ጡት ሳልጥል ነው የሄደው። ወገራ ባለው የአባታቸው ርስት ላይ ከድንበርተኛው ጋር ተጣልቶ ሰው ገደለ። የሟች ወንድሞች ሳይደርሱበት ነፍጡን ይዞ ወደ ቆላ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ወንድማማቾቹ ግን ደማቸውን ሳይመልሱ እንደማይቀመጡ በየገበያው ይናገሩ ነበር። እኛ ቤት ስለ አጎቴ ጮክ ተብሎ አይወራም። ሞተ ብሎ መርዶ ያመጣ የለም፤ አለ ብሎ የመሰከረም የለም። እናቴ ጠላ ስትጠምቅም ሆነ ጥጥ ስትፈትል ድንገት እጇን ታቆምና ወደ በሩ ትመለከት ነበር። ማንን እንደምትጠብቅ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚጠይቃት ግን አልነበረም።

አጎቴ ግራኝ ነበር፤ የሚተኩሰውም በግራ ትከሻው ነው። ከጠቡ በፊት አባቴ ሰደፍ ሠርቶለት ስለነበር፣ ከስስ ጣውላ የተቆረጠው የዚያ ሰደፍ ልክ ግድግዳችን ላይ ከሌሎቹ ጋር ተሰቅሎ ቀርቷል።

ሰውየው የመጣው ከጥምቀት በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ነው። ጠይም፣ ቀጭን፣ ካኪ ኮት የደረበ ሰው በቅሎውን እየሳበ ግቢያችን ገባ። ደርሶ እባላለሁ፣ የመጣሁት ከቆላ ነው አለ። ከየትኛው ቆላ እንደሆነ አልተናገረም። ከጋቢው ውስጥ አንድ ምንሽር አውጥቶ አባቴ ፊት አስቀመጠ። ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል፤ አንድ ጎኑም ጠቁሯል።

«ምን አገኘው?» አለ አባቴ።

«ወደቀ።»

«ወድቆ እሳት ነካው?»

ሰውየው ጠፍሩን መፍታት ጀመረ። አባቴ ጥቁረቱን በአውራ ጣቱ ፈተግ ፈተግ አደረገው።

«ነፍጡ ያንተ ነው?»

«የኔ አይደለም፤ የወዳጄ ነው። አዳኝ ነው። እሱ መምጣት ስላልቻለ ልኩን ልኳል።» ትከሻው ላይ ካንጠለጠለው ቦርሳ ጫፍና ጫፉ የተቋጠረ ክር አወጣ። «የክንዱ ልክ ይኸ ነው። ደግሞ...» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «በግራ ትከሻ የሚተኮስበት ይሁን።»

እናቴ ጓዳ ውስጥ ጥጥ ትፈትል ነበር። የእንዝርቷ ድምፅ ቀጥ አለ።

«ሲሠራ ሌላ ሰው ባያየው ደስ ይለኛል» አለ ሰውየው ሲነሣ። «ከቆላ የሚመጣ ደንበኛ አለህ እንዴ አያ ውብነህ?»

«አልፎ አልፎ» አለ አባቴ።

«ከመጣ ስለኔ አታንሣበት።»

አዘዞ ዘመድ ቤት እንዳረፈ ነግሮን ሄደ። በቅሎዋ ከግቢ ሳትወጣ እናቴ ከጓዳ ወጥታ ክሩን ከአባቴ እጅ ነጠቀችው። የፈንታሁንን ልክ ከግድግዳው አውርዳ ክሩን በላዩ ዘረጋችው። ክሩ በአውራ ጣት ውፍረት ያህል አነሰ።

«በርሃው አክስቶት ነው» አለች።

«ጥሩነሽ» አላት አባቴ ቀስ ብሎ፣ «ሥጋ ይከሳል፤ አጥንት ያጥራል?»

«አንተም እኮ ያን ጊዜ አስፍተህ ለክተኸው ይሆናል!»

አባቴ ስለ ልኩ እንደዚያ ሲባል አይወድም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አልተቆጣም። ልኩን ከእጇ ወስዶ ሰቀለውና እኔ መኖሬን ረስቶ የሚያስበውን ነገራት። አጎቴ ግራኝ መሆኑን ያገር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የሟች ወንድሞችም ያውቃሉ። ፈንታሁን በሕይወት ካለ ያለበትን የምናውቀው እኛ ነን ብለው ሳያስቡ አይቀሩም። ስለዚህ ሰው ልከው የግራ ሰደፍ ያሳዝዙና እኛ ምን እንደምንል ያዳምጣሉ። «ይኸ ለፈንታሁን ነው? ደህና ነው? የት ነው ያለው?» ብለን ከጠየቅን አለመሞቱን እናውቃለን ማለት ነው። ወደ ቆላ መልእክት ከላክን ደግሞ መልእክተኛውን ይከተሉታል።

«ከራሱ ከወንድሜ የመጣ ቢሆንስ?» አለች እናቴ።

«ከሱ ቢሆን አንድ ምልክት አይልክልሽም?»

ክሩን ለአባቴ መለሰችለት። ግን አላመነችውም፤ ፊቷ ላይ አየሁት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ሰውየው በየቀኑ ከሰዓት ይመጣል። መሥሪያ ክፍሉ በር ላይ ያለችው መደብ ላይ ሁልጊዜ ቀኝ ጎኑን ለግድግዳው አስጠግቶ ይቀመጣል። ሰው ሲገባ አንገቱን ብቻ ሳይሆን ትከሻውን ጭምር አዙሮ ያያል። አንድ ቀን ጠላ አቅርቤለት ዋንጫውን በክንዱ ገጭቶ ደፋው፤ ደንግጦ ሲያየኝ እኔ ከሱ ይበልጥ ደንግጬ ሸሸሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ቅልሞሽ ስጫወት ጠጠሬ እግሩ ሥር ተንከባለለችና ላነሣት ስጠጋ «ማን ነው?» ብሎ ጮኸ። ከጎኑ ሆኜ እያየሁት ነበር። እንዲህ የሚደነግጥ ሰው የደበቀው ነገር ያለው ነው ብዬ ወሰንሁ። ከመምሬ ጥበቡ ዘንድ ስመለስ ሰውየው ደጁ ላይ አለመኖሩን ከሩቅ ሳላይ ወደ ግቢ አልገባም ነበር።

አባቴ ሥራውን አዘገየው። ለአንድ ቀን የሚበቃውን ቡርቦራ ለሦስት ቀን ያደርገዋል። እየሠራ ሰውየውን ያያል፤ ሰውየውም የአባቴን እጅ ያያል። ብዙ ጊዜ አይነጋገሩም። ሲነጋገሩም ስለ ዝናብ፣ ስለ በቅሎ ዋጋ፣ ስለ ገበያ ነው፤ ሁለቱም አንዱ ከሌላው አፍ የሆነ ነገር እስኪወድቅ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

እናቴ ደግሞ የራሷን ወጥመድ አጠመደች። ሰውየው እንዲሰማት ሆን ብላ፣ እኔን የምታጫውት መስላ ስለ ፈንታሁን ታወራለች። «አጎትሽ እኮ በልጅነቱ ከዋርካ ላይ ወድቆ አገጩ ተተርትሮ ነበር። ጠባሳው ጢም አያበቅልለትም። እንዴት ያለ ሸጋ ልጅ ነበር መሰለሽ! ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል። ማር ሲያይ ነፍሱን አያውቅም።» ይኸን ሁሉ ስትናገር ዓይኗ ሰውየው ፊት ላይ ነው። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ በበትሩ መሬት ይጭራል። እናቴ ይኸንንም በራሷ ተረጎመችው። «አየሽው? ስሙን ስጠራ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም» አለችኝ።

ክሩን ክንዱ ላይ መለካት የእኔ ሐሳብ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። አባቴ ሰው ሲለካ ስላደግሁ የሰው ክንድ ባየሁ ቁጥር በዓይኔ የመለካት ልማድ ነበረኝ። የሰውየውን ክንድ አይቼ አይቼ አንድ ነገር አላስተኛ አለኝ። አንድ ከሰዓት አባቴ ውኃ ሊጠጣ ወደ ጓዳ ገባ ሲል፣ ክሩን ከሚሰቀልበት ምስማር አውርጄ አንገቴ ላይ እንደ ማተብ አሰርሁት። ከዚያ የእናቴን ፈትል ይዤ ሰውየው ፊት ቆምሁ።

«አያ ደርሶ፣ ልቃቂት ላደርገው ነው። እጅዎን ይዘርጉልኝ።»

ገርሞት ፈገግ አለ። ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ገና ነው። «እኔንም ሴት አደረግሽኝ?» ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ። ፈትሉን በእጆቹ ላይ እየጠመጠምሁ፣ የተወሳሰበብኝ መስዬ ክሩን ከአንገቴ ፈታሁና ክንዱ ላይ አጋደምሁት። አንዱ ቋጠሮ ክርኑ መታጠፊያ ላይ፣ ሌላው ሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ አረፈ። ያለፈ የለም፣ የጎደለ የለም።

ማታ እራት ስንበላ ተናገርሁ። አባቴ የያዘውን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለሰው። እናቴ ግን «ታዲያ የራሱ ነው!» አለች። «የራሱ ከሆነ ምን አለበት?»

«ምን አለበት?» አለ አባቴ። «ሰውየው የሚበላው በቀኙ፣ በትሩን የሚይዘው በቀኙ፣ በቅሎውን የሚጭነው በቀኙ ነው። ለራሱ ቢሆን የግራ ሰደፍ ምን ያደርግለታል? የወንድምሽን ክንድ አያውቀውም። ግራኝ መሆኑን ሰምቷል፤ ክንዱን አላየም። ስለዚህ የራሱን ለክቶ አመጣ። ይኸ ሰው የተላከብን ነው።»

እናቴ ከገበታው ተነሣች። ወንድሟ ልኮታል ብላ ያሳደረችው ተስፋ በዚያች ቅጽበት ከላይዋ ሲወርድ አየሁት። ቀጥሎ የመጣው ቁጣ ነው። የፈንታሁንን ጠባሳ፣ ሣቁን፣ ማር መውደዱን ሁሉ ለጠላት ስታስጠና ኖራለቻ!

በማግሥቱ አባቴ መምሬ ጥበቡን አስጠራ። ጥይት የሚያጎርሰውን ብረት ከጠመንጃው ላይ አውልቆ ጎታ ውስጥ፣ ከጤፉ ሥር ቀበረው። መጥረቢያውን ደግሞ ከወትሮው ቦታ አንሥቶ ከእግሩ አጠገብ አደረገው። መምሬ ጥበቡ ከበሩ በስተቀኝ፣ ሳንዱቅ ላይ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀመጡ። እናቴ እኔን ወደ ጓዳ አስገብታ መጋረጃውን ጣለችው፤ እኔም ጠርዙን ገልጬ አያለሁ።

ሰውየው እንደ ልማዱ ገባ። አባቴን «እንደምን ዋልህ?» አለና ሊቀመጥ ሲል መምሬ ሳል አደረጋቸው። ሰውየው እስከዚያ ድረስ አላያቸውም ነበር። እንደ ተወጋ ሰው ዘሎ ዞረና ካህን መሆናቸውን ሲያይ አጎንብሶ መስቀላቸውን ተሳለመ።

«አያ ደርሶ» አለ አባቴ፣ «ቡርቦራው አልቋል። የቀረው ማለስለስና ዘይት ነው። ባለቤቱን ሳላይ ግን አልሰጥህም።»

«መምጣት አይችልም ብዬህ ነበር እኮ።»

«ስሙን ንገረኝ።»

ሰውየው ወደ በሩ ተመለከተ።

«ክሩ ያንተ ክንድ ነው» አለ አባቴ። «ልጄ ለክታሃለች። አንተ ደግሞ ግራኝ አይደለህም። ማን ላከህ? እዚህ በካህን ፊት ተናገር።»

ያን ጊዜ እናቴ አላስችል ብሏት ከጓዳ ወጣች። «የወንድሜን ደም ፍለጋ ከሆነ የመጣኸው እዚች ቤት አታገኘውም! እኛም የት እንዳለ አናውቅም! ብናውቅማ ኖሮ አሥር ዓመት እንዲህ እንሆን ነበር?»

ሰውየው አንዴ እሷን፣ አንዴ አባቴን ያያል። «የምን ደም?» አለ። «እመቤቴ፣ ወንድምሽ ማን ነው?»

«ፈንታሁን! ግራኙ ፈንታሁን!»

«አላውቀውም። በዚህ መስቀል እምላለሁ አላውቀውም።»

«ታዲያ ይኸ የግራ ሰደፍ ለማን ነው?» አለ አባቴ፤ እጁ መጥረቢያው ላይ ነበር።

ሰውየው በትሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከዚያ ጠመንጃውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። አባቴ ብድግ አለ፣ መምሬም ብድግ አሉ። ሰውየው ግን አፈሙዙን ወደ ጣራው አድርጎ ሰደፉን በግራ ትከሻው ላይ አሳረፈው። በግራ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ጉንጩን የሚያሳርፈው በእንጨቱ ቀኝ ጎን ስለሆነ፣ አባቴ በዚያ በኩል ትንሽ እብጠት ትቶለት ነበር። የሰውየው ግራ ጉንጭ እዚያ እብጠት ላይ ሄዶ ዐረፈ። አልፈለገውም፣ አልተንጠራራም፣ አንገቱን አላጠፈም። አብሮት የተወለደ ይመስል ነበር።

«ለኔ ነው» አለ። «ቀኝ ዓይኔ አያይም።»

ከዚያ ተቀምጦ ነገረን። ቆላ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሰው እርሻ ጠባቂ ነው። ከርከሮና ዝንጀሮ የሚመልሰው እሱ ነው፤ ለጌታው እንግዳ ሲመጣ ለአደን መርቶ የሚወጣውም እሱ ነው። ከክረምት በፊት ጥይት ወደ ኋላ ፈንድቶበት ሰደፉን ሰነጠቀው፣ ዓይኑንም ለበለበው። ቁስሉ ሲድን ከውጭ ደህና መሰለ፤ ውስጡ ግን ጨለመ። ጌታው አንድ ዓይና መሆኑን ካወቀ በማግሥቱ ያባርረዋል። ጫካ ገብቶ ብቻውን በግራው መተኮስ ተለማመደ። የቀኝ ሰደፍ ግን ጉንጩን እየገፋ አላስችል አለው።

«እኛን ምነው ዋሸኸን?» አለው አባቴ። መጥረቢያውን ከእግሩ ራቅ አድርጎታል።

«ጎንደር ላይ ያወራሁት ነገር እኔ ሳልደርስ ቆላ ይደርሳል። ልጆች አሉኝ አያ ውብነህ።»

ያን ሁሉ መገላመጥ፣ ያን ሁሉ ጎኑን ለግድግዳ መስጠት፣ የደፋውን ጠላ አስታወስሁ። አፈርሁ ለማለት ልጅ ነበርሁ፤ ግን ጠላ ቀድቼ በግራው በኩል ሰጠሁት። መምሬ ጥበቡ ሰውየውን በመስቀላቸው ዳበሱትና «እግዚአብሔር ይማርህ» አሉት። አባቴ ይቅርታ መጠየቅ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጎታው ውስጥ እጁን እስከ ትከሻው አስገብቶ ብረቱን አወጣና ጤፉን ከላዩ እያራገፈ መለሰለት።

እናቴ ግን እዚያው ቆማ ነበር። ከጠላት መልእክተኛ ድነናል፤ የወንድሟ መልእክተኛም ግን አብሮ ሄዷል። «እስቲ» አለች ወደ ሰውየው ጠጋ ብላ፣ «ቆላ ውስጥ ግራኝ ሰው፣ አገጩ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ በስሙም ይሁን በሌላ ስም...»

«አላየሁም እመቤቴ። ግን እጠይቃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። አባቴ ሰደፉን በብርጭቆ ስባሪ ፋቀው። በርጥብ ጨርቅ እያሸ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ደርቆ የእንጨቱ ስስ ጭራ እንደ ጠጉር ሲቆም ደግሞ ይፍቀዋል። የተልባውን ዘይት እሳት ዳር አሙቆ በመዳፉ ያሸው ነበር፤ መዳፉ እስኪግል ድረስ። እኔም አሸሁ። ሰውየው መደቡ ላይ ተቀምጦ፣ አሁን ጎኑን ለግድግዳ ሳይሰጥ፣ ስለ ቆላ ተረት ያወራልኛል። ዋንዛው ቀስ በቀስ የበሰለ ማር መልክ አወጣ። በመጨረሻ አባቴ ሰም ቀባውና ከሱፍ ጨርቅ ጋር ሰጠው። የሄደው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ተመልሶ መጣ። የመጣው ለጠመንጃው አልነበረም። እናቴን አስጠርቶ፣ ቆሞ መርዶውን ነገራት። እርሻቸው ካለበት ማዶ፣ ወንዝ ዳር ካለች ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ተቀብሯል። ከደጋ የመጣ፣ ስሙን የለወጠ፣ ግራኝ። አገጩ ላይ ጠባሳ ነበረው። ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍን እንደ ነበር፣ ማር እንደሚወድ አብረውት የኖሩ ሰዎች ነግረውታል። የገደለው ንዳድ ነው። ካህን ፈትቶታል፣ ሬሳው ሜዳ አልቀረም።

እናቴ ያለቀሰችው ልቅሶ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ ከወገራም ዘመድ መጣ። ኋላም ተዝካሩ ወጣ፤ ዳሱን የሠራው አባቴ ነው። መምሬ ጥበቡ የፍትሐቱን ጸሎት ሲያደርሱ እናቴ ቀጥ ብላ ቆማ ሰማች። ደርሶ ለተዝካሩ መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን አላየሁትም።

ካደግሁ፣ ከተዳርሁም በኋላ ነው አባቴ አንድ ቀን የነገረኝ። «ያ ሰው ካመጣው ቃል ውስጥ እናትሽ ያልሰጠችው ምን አለ?» አለኝ። ጠባሳው፣ ሣቁ፣ ማሩ፣ ሁሉም ደጃችን ላይ ተቀምጦ ከሷ አፍ የሰማው ነው። አባቴ ይኸን ያወቀው መርዶው በተነገረበት ሰዓት ነበር። ዝም ያለው ለሷ ብሎ ነው። ለሷም እንዳልነግራት አስማለኝ።

ማልሁ። አባቴ ከሞተ በኋላ ግን አንድ ቀን እናቴን ሌላ ነገር አስመስዬ «ያን ሰው ያን ጊዜ አምነሽው ነበር?» አልኋት። ፈትሏን ሳታቆም መለሰችልኝ።

«ሲናገር መሬት መሬት ያይ ነበር።»

«ታዲያ ተዝካሩን ለምን አወጣሽ?»

«ደክሞኝ ነበር ልጄ» አለች። «አባትሽም ደክሞት ነበር፤ እሱ ግን ማመኔን ስላየ ደስ አለው። አትንገሪው።»

አባቴ ከሞተ ቆይቶ ነበር። እሷ ግን ያኔም እንዳይሰማባት ትጠነቀቅለት ነበር።

ዛሬ ያች ቤት የለችም። ቆላውም ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ ማታ የሚገባበት አገር ሆኗል። በቀደም ይኸን ለልጅ ልጄ ስነግራት ስልኳን ከእጇ ሳታወርድ «ታዲያ ሰው ልካችሁ አታጣሩም ነበር?» አለችኝ። ልክ ናት። ዛሬ ቢሆን እውነቱ ሳይመሽ ይደርሰን ነበር፤ እውነት ማወቅም ደግ ነገር ነው። ትዝ ያለኝ ግን ከተዝካሩ ቀጥሎ ያለችው ጧት ናት። እናቴ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ እስኪወጣ ተኛች። አንድ ደንበኛ የተሰበረ ወንበር ተሸክሞ መጥቶ ነበር። አባቴ መዶሻውን ቀስ አድርጎ ሰጋቱራው ላይ አስቀመጠና ሰውየውን በሹክሹክታ «ትንሽ ቆይ፤ ሰው ተኝቷል» አለው።